የቤንታምን ስሌት ለጠየቃችሁኝ ወጣቶች

ልጆቼ፣

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም ድርጊት በሚያመጣው ደስታና ሕመም ይመዘን ያለውን ይዛችሁ፣ «ከ200 ዓመት በፊት የተጻፈ የደስታ ስሌት ለእኛ ዘመን ምን ይፈይዳል?» ብላችኋል። ጥያቄያችሁ ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል በ1826፣ በ20 ዓመቱ፣ ራሱን የጠየቀውን አስታወሰኝ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያ ታሪክ ከዩቲሊታሪያኒዝም (ትክክለኛው ድርጊት የብዙኃኑን ደስታ የሚያበዛው ነው ከሚለው አስተሳሰብ) ትምህርት ተነጥሎ መቅረቱ ሁሌም ይቆጨኛል።

አባቱ ጄምስ ሚል የጄረሚ ቤንታም ወዳጅ ነበር። ልጁን በ3 ዓመቱ ግሪክኛ፣ በ8 ዓመቱ ላቲን አስጀመረው፤ የብዙኃኑን ደስታ የሚያበዛ ሰው እንዲሆን ቀርጾ አሳደገው። ወጣቱ አንድ ቀን «የምታገልለት ለውጥ ሁሉ አሁኑኑ ቢፈጸም ደስ ይለኛል?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። ልቡ «አይልህም» አለው። ሥራውን አልተወም፤ የሚሠራው ግን በልማድ ብቻ ነበር፤ ለወራት ውስጡ ደንዝዞ ቆየ። ከረዱት ነገሮች አንዱ በ1828 ያነበበው የዎርድስዎርዝ ግጥም ነው። ቤንታም ደግሞ የሚሰጡት ደስታ እኩል እስከሆነ ድረስ ተራ ጨዋታም ግጥምም ዋጋቸው አንድ ነው ባይ ነበር! ሚል በ1861 ባወጣው «ዩቲሊታሪያኒዝም» በተባለው ድርሰቱ ደስታ በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትም ይበላለጣል ያለው፣ በእኔ እምነት፣ ያንን ጊዜ ስላለፈበት ነው።

የቤንታም መለኪያዎች ሰባት ናቸው፦ ጥንካሬ፣ ቆይታ፣ እርግጠኝነት፣ ቅርበት፣ ሌላ ደስታ የመውለድ አቅም፣ ሕመም ያልተቀላቀለበት መሆን፣ የሚደርሳቸው ሰዎች ብዛት። የዛሬ ልጆች ጥንካሬንና ቅርበትን ትመዝናላችሁ፤ ስልካችሁ ያስለመዳችሁ እነዚህን ነው። ቆይታን ትዘሉታላችሁ።

ይህን ሁሉ ስል ስሌቱን ጣሉት ማለቴ አይደለም። በጀት ሲያጥር ካልተቆጠረ ድርሻውን የሚወስደው ድምፁ የጎላው ነው። በእንግሊዝ አዲስ መድኃኒት የሚገመገመው እንዲህ ነው፦ በሙሉ ጤና የተኖረ ዓመት 1፣ በግማሽ ጤና የተኖረ 0.5 ይያዛል። መድኃኒቱ በ0.5 ጤና የሚኖሩ 4 ዓመታት ቢጨምር ትርፉ 2 ነው። ተጨማሪ ወጪው 50,000 ፓውንድ ከሆነ ለአንድ የሙሉ ጤና ዓመት 25,000 ይደርሳል። ለብዙ ዓመታት ለአንዱ ዓመት ተቀባይነት ያለው የወጪ ወሰን ከ20,000 እስከ 30,000 ስለነበር ይህ ያልፋል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቀድሞም አካል ጉዳት ያለበት፣ ጤናው 0.5 የተባለ ሰው፣ ሕይወቱ ለ10 ዓመት ቢተርፍ 5 ይመዘገብለታል፤ ለጤነኛው 10። ማባዛቱ አልተሳሳተም፤ ስህተቱ ያለው መለኪያው ውስጥ ነው። ሚል በዚያው ድርሰቱ አምስተኛ ምዕራፍ ሁሉም እንደ አንድ ይቆጠር፣ ማንም ከአንድ በላይ አይቆጠር የሚለውን የቤንታምን ሐሳብ ይጠቅሳል። እዚህ ሰውየው እንደ አንድ ተቆጥሯል፤ ዓመቶቹ ግን በግማሽ።

ስለዚህ ድርሰቱን ስታነቡ ብዙዎች እንደሚያደርጉት በሁለተኛው ምዕራፍ አታቁሙ። አራተኛው፣ ማረጋገጫ የሚያቀርብበት፣ ደካማው ክፍል ነው፤ እሱን ለኋላ አቆዩት። ስለ ፍትሕና ስለ መብት ወደሚያወራው ወደ አምስተኛው እለፉ፤ የአካል ጉዳተኛውን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከአጠገቡ አድርጉና ሚል የሚሰጠው መልስ ይበቃው እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ።