አዲስ ቤት ገባን፤ ወጪው ቀድሞን ገብቶ ጠበቀን

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ አሥራ አንድ ዓመት በኪራይ ከኖርን በኋላ፣ በባንክ ብድር የገዛነውን ባለ ሁለት መኝታ ቤት ባለፈው ሰኔ ተረክበን ልደታ አካባቢ በሚገኝ አዲስ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ገባን። ሦስት ወር ሳይሞላን የመኝታ ቤቱ ቀለም መላጥ ጀመረ፤ ኮለኑና (የኮንክሪት ምሰሶውና) ግድግዳው በሚገናኙበት ላይ ቀጭን ስንጥቅ ወጣ፤ የመብራት ክፍያውም በኪራይ ቤታችን ከለመድነው በብዙ በለጠ። ኮሚቴው በየወሩ ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለሊፍት ይሰበስባል። ባለቤቴ የጂፕሰም ኮርኒሱንና ቁምሳጥኑን እንጨርስ ይላል፤ አማቴ ደግሞ ቤቱ ቶሎ ይመረቅ ይላሉ። በእጃችን ያለው ሰሞኑን የወጣልን እቁብ ብቻ ነው። ከየቱ እንጀምር? (ስሜ ይቆይልኝ፣ ከልደታ)

መልስ፦ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት። ባለቤትዎን ቅር እንዳላሰኝ እሰጋለሁ እንጂ የእኔ ምክር ጂፕሰሙ ለዚህ ዓመት ይቅር የሚል ነው። አዲስ ሕንፃ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳይፈራረቅበት የት እንደሚያፈስ፣ የት እንደሚሰነጠቅ ለይቶ አያሳይም፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ኮርኒስ ደግሞ ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት የሚወርድ ውሃ ቢኖር ጉዳቱ ሥር እስኪሰድ ድረስ ይሸፍነዋል።

የቀለሙን ነገር ላስረዳዎት። ኮንክሪቱም፣ ልስኑም፣ ከሴራሚኩ ሥር ያለው ሙሌትም በብዙ ውሃ የተቦኩ ናቸው። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ቢሆንም፣ በውስጡ የቀረው እርጥበት ለመውጣት ከዚያ እጅግ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል፤ ግንበኛው ለርክክብ ቸኩሎ ልስኑ ሳይደርቅ ቀለም ከቀባ፣ እናንተም በሐምሌና በነሐሴ መስኮቱን ዘግታችሁ ልብስ በውስጥ ካሰጣችሁ፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶ ያነሣዋል። ስለዚህ አሁን ደግሞ ማስቀባት ገንዘብ መጣል ነው። የተላጠውን አስፍቀው፣ የጥቅምትና የኅዳር ነፋስ እንዲያገኘው መስኮት እየከፈቱ ያቆዩት። እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት አንድ ክንድ የሚያህል ፕላስቲክ በግድግዳው ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገው ሁለት ቀን ይተዉት። ጠሉ በፕላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከታየ ውሃው ከግድግዳው ነው፤ በክፍሉ በኩል ባለው ገጽ ላይ ከታየ ግን ከምግብ ማብሰያ፣ ከሻወርና ከትንፋሽ የመጣ ነው። ጥር ደርሶም ያው ቦታ ካልደረቀ ከጀርባው የሚያፈስ ቧንቧ ወይም በሲሊኮን በደንብ ያልታሸገ የመስኮት ፍሬም መኖሩን ይጠርጥሩ።

በኮለንና በብሎኬት መገናኛ የሚወጣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አያስደነግጥም፤ ሁለቱ ነገሮች ሲደርቁና ሲሞቁ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ የሚመጣ ነው። የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉበት። ምልክቱን ካለፈ፣ ከሰፋ፣ ወይም ኮለኑና ቢሙ (አግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) ራሱ ላይ ከወጣ መሐንዲስ ይጥሩ። ያም ሆነ ይህ ያዩትን ጉድለት ሁሉ በደብዳቤ ዘርዝረው ለሻጩ ያስገቡ፤ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ሳያስመቱም አይመለሱ፤ በስልክ የተሰጠ «እንልካለን» የሚል ተስፋ ማስረጃ አይሆንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የሥራ ተቋራጩ ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ይህ ግን በቀጥታ የሚመለከተው ተቋራጩንና አሠሪውን ስለሆነ፣ እርስዎ ከሻጩ ጋር በፈረሙት ውል ላይ የዋስትናው ጊዜ እንዴት እንደተጻፈ ዛሬውኑ ያንብቡ።

ወደ መብራቱ ስንመጣ፣ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥርም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወደዳል። ኪራይ ቤት ሳሉ ያልነበረዎት ቦይለር እንደሚሆን እገምታለሁ። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በቀን አንድ ጊዜ ቢሞቅ በወር ከ70 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል፤ ሌት ተቀን ሲበራ ከዋለ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጨምራል። ቦይለሩን ከመታጠብዎ በፊት ብቻ ያብሩ፤ እንጀራውንም ምጣዱ አንዴ ከጋለ አይቀር በሳምንት አንድ ቀን ጨርሰው ይጋግሩ።

የእቁቡን ገንዘብ በተመለከተ፣ በመጀመሪያ የሦስት ወር የብድር ክፍያ ለብቻው ይቀመጥ፤ ደመወዝ የሚዘገይበት ወር አይጠፋም፣ ባንኩ ግን አይዘገይም። ከቀረው ላይ ለእርጥበቱና ለቧንቧው ጥገና፣ እንዲሁም ለጣሪያና ግድግዳ ግብር ይያዝ፤ በ2015 ዓ.ም. ተመኑ ከተሻሻለ ወዲህ ይህ እንደ ድሮው የሚረሳ ሒሳብ አይደለም። ቁምሳጥኑ ይሠራ፣ ልብስ ወለል ላይ አይከመርም፤ ሆኖም ከረጠበው ግድግዳ ላይ አይለጠፍ። ለአማትዎ ደግሞ ምረቃው ለጥር ይሁን ብለው ያስረዷቸው፤ ያኔ ጠላውም ይደርሳል፣ ግድግዳውም ይደርቃል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ምድር ቤት ነው። ለማልሳፈርበት ሊፍት ስለምን እከፍላለሁ? (ከሰንጋተራ)

መልስ፦ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ሊፍቱም፣ ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶም፣ ፓምፑም የሁላችሁም የጋራ ንብረት ነው፤ የጋራ ወጪም የሚደለደለው ሕንፃው ሲመዘገብ ለእያንዳንዱ ቤት በተወሰነው ድርሻ እንጂ በአጠቃቀም አይደለም። እርስዎ የሊፍቱን ልተው ካሉ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ያለው ጎረቤትዎም ግቢው በጎርፍ ሲሞላ የማፋሰሻውን ቱቦ አልጠርግም ሊልዎት ነው። መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ነው፦ ኮሚቴው ገንዘቡን የሚያስቀምጠው በግለሰብ ስም ነው ወይስ በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ? ደረሰኝስ ይሰጣል? በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንን ያንሡ፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ፓምፑን ያንቀሳቅስ እንደሆነም አብረው ይጠይቁ።