የሠርጉ ካሴት ቀለሙን የት አደረሰው?

ጥያቄ፦ በ1986 ዓ.ም. እኅቴ ዋሽንግተን ዲሲ ስትዳር የሠርጓን ቪዲዮ ካሴት ልካልን ነበር። ጎረቤት ዘንድ ተሰብስበን ስናየው ድምፁ ጥርት ብሎ ቢሰማም ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ አልፎ አልፎ ወደ ላይ ይንሸራተት ነበር። እናታችን «ያን ሁሉ ወጪ አውጥተው ባለቀለም ማስቀረጽ አቃታቸው?» ብለው አዘኑ። እኅቴ ግን ባለቀለም ነበር ብላ ትምላለች። ካሴቱ ዛሬም አለን። ነገሩ ምን ነበር? ቀለሙስ ሊገኝ ይችላል?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ እኅትዎ እውነታቸውን ነው። ቀለሙ ክሩ ላይ ነበረ፤ ሊያነበው ያልቻለው የጎረቤትዎ ቴሌቪዥን ነው። ካሴቱ የተቀረጸው አሜሪካ በጊዜው ትጠቀምበት በነበረው ኤንቲኤስሲ በተባለው የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓት ሲሆን እኛ አገር ይሠራበት የነበረው ግን ፓል የተባለው ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከመብራቱ ነው። በቴሌቪዥን ጅማሬ ዘመን የምስሉ ምት ከኤሌክትሪኩ ምት ጋር ካልተጣጣመ ስክሪኑ ላይ የሚንከባለል ጥላ ይፈጠር ስለነበር መሐንዲሶቹ ሁለቱን አስማሟቸው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ የአውሮፓውና የእኛው 50 ጊዜ ነው። አንዱ ሙሉ ምስል በሁለት ምት በግማሽ በግማሽ ስለሚሣል፣ ኤንቲኤስሲ በሴኮንድ 30 ያህል ምስል በ525 መስመር፣ ፓል ደግሞ 25 ምስል በ625 መስመር ይሥላል። የእናንተ ምስል የተንሸራተተው 50 የለመደው ቴሌቪዥን 60ውን መከተል ሲያቅተው ነው።

የቀለሙ ነገር ሰፋ ያለ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 መጨረሻ የባለቀለም ሥርዓቱ ሲጸድቅ በአሜሪካ ከ20 ሚሊዮን በላይ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን በየቤቱ ነበር፤ ያን ሁሉ ዕቃ ማስጣል ደግሞ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ የምስሉ ብርሃንና ጥላ እንደ ቀድሞው እየተላከ፣ ቀለሙ ግን 3.58 ሜጋኸርዝ ገደማ በሆነ ሞገድ ተጭኖ በላዩ እንዲደረብ ተደረገ። አሮጌው ቴሌቪዥን የተደረበውን ችላ ብሎ የለመደውን ያሳያል። ጉድለቱ ሞገዱ በመንገድ ላይ ጥቂት ሲዛባ የሰው ፊት አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ መምታቱ ነበር።

ይህን ያረመው በቴሌፉንከን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ መሐንዲስ ዋልተር ብሩክ ነው። እርሱ የነደፈው ፓል የቀለሙን ምልክት በየመስመሩ እያፈራረቀ ስለሚገለብጥ የአንዱ መስመር ስሕተት በቀጣዩ ይጣፋል። ብሩክ ሥርዓቱን በስሙ ያልሰየመው ቃሉ በጀርመንኛ «ስብራት» ማለት ስለሆነ ነው ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ቢሆን ግን ስሙ ገበያ ባልከለከለው ነበር። ፓል እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመንና በብሪታንያ ሥራ ጀመረ። ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ቀለም ሲሻገር የያዘው ይህንኑ ነው።

የፓል ቀለም የሚጫነው 4.43 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። የጎረቤትዎ ቴሌቪዥን ቀለሙን እዚያ ፈልጎ ሲያጣው የቀለሙን ክፍል ዘጋና ብርሃንና ጥላውን ብቻ አሳየ። ሠርጉን ያን ያህል እንኳ ማየት የቻላችሁት ለአሜሪካ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ተብሎ በተደረገው ጥንቃቄ ነው ማለት ይቻላል።

ዴኩ፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻው፣ ግን ጥፋት የለበትም። ቪኤችኤስ የተባለው የተለመደው ቪዲዮ ካሴት ክር በኤንቲኤስሲ መደበኛ ፍጥነት በሴኮንድ 33.35 ሚሊሜትር፣ በፓል ግን 23.39 ሚሊሜትር ይጓዛል። ዴኩ ፓል ብቻ ቢሆን ኖሮ የሙሽሮቹ ድምፅ ወፍሮና ተጎትቶ ይሰማ ነበር፤ ጥርት ብሎ መሰማቱ ዴኩ ሁለቱንም እንደሚያነብ ያሳያል።

ስለዚህ ቀለሙ ይገኛል። ኤንቲኤስሲ የሚያነብ ዴክ ካገኙ፣ አብዛኞቹ የዛሬ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ሁለቱንም ስለሚቀበሉ በቀለም ያዩታል። ወደ ፍላሽ ሲያስገለብጡም ባለሙያው ወደ ፓል ሳይቀይር በኤንቲኤስሲ እንዲቀዳው ይንገሩት። አስቀድመው ግን በካሴቱ መስኮት አጮልቀው ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ካለ ሳይጸዳ አያጫውቱት። በካሴቱ ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ካልተሰበረች ደግሞ ይስበሯት፤ አንድ ሰው ተሳስቶ የመቅጃውን ቁልፍ ቢጫን እንኳ ዴኩ በሠርጉ ላይ አይቀዳም።