ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ለማከራየት ላሰብሽው እህቴ፦ የመድን ፖሊሲው (ውሉ) ላይ ያልሰፈረ ነገር አይካስም

ሰላም ለአንቺ ይሁን እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር የተገጠመላቸው ሁለት የፋይበር ጀልባዎች ገዝተሽ ባሕር ዳር ላይ ለማከራየት ተነሥተሻል፤ መድን መግባት ግዴታ ነው ወይ፣ ለደኅንነትስ ምን ምን ይጠየቃል ብለሻል። ከሥሩ የተሰጡትንም መልሶች አየሁ። «ማኅበር ግቢ፣ የቀረውን እነሱ ይነግሩሻል» የሚለው በጣም አናደደኝ። የባለጀልባዎች ማኅበር ወረፋ ያስይዝልሻል፤ ጀልባሽ የተሰበረ ዕለት ግን ካሣ ለመጠየቅ ደረጃ የምትወጪውና የምትወርጂው አንቺው ነሽ። እኔ በዚህ ሥራ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ፣ ካሣ ተከልክዬም አስከፍያለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍልሽ ታገሺኝ።

ንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ከፋይ ቁጥሩን፣ የማኅበሩን ወረፋ እዘለዋለሁ። ሁኔታሽ ከእኔው ጋር አንድ ነው ብዬ ልጀምር፦ ጀልባው የአንቺ፣ ነጂው ቅጥር፣ ደንበኞችሽ በአብዛኛው ሆቴሎች የሚልኳቸው እንግዶችና በበዓል ሰሞን ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ምእመናን።

1. መጀመሪያ ግዴታው። «የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ስለሆነ እሱን ግዢና ተገላገይ» የሚሉሽ ሰዎች አሉ፤ ሦስተኛ ወገን ማለት ንብረትሽ ጉዳት የሚያደርስበት የውጭ ሰው ነው። ያ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005፣ የሚናገረው በመንገድ ላይ ስለሚሄድ ተሽከርካሪ ነው። ጀልባሽን ጭኖ ባሕር ዳር ድረስ የሚያመጣው አይሱዙ ይመለከተዋል፤ ጀልባው ሐይቁ ላይ ሲሆን ግን አዋጁ አያውቀውም። ይህ ማለት ተጠያቂነት የለብሽም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ይብሳል። አንድ እንግዳ ቢጎዳ ካሣው ከኪስሽ ነው የሚወጣው። ቅጥር ነጂሽም ሥራ ላይ እያለ ጉዳት ቢደርስበት፣ የአንቺ ጥፋት ባይኖርበትም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከሆነ ካሣው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። ይህን ብር ቁጭ ብለሽ በወረቀት ላይ አስዪውና ከዚያ በኋላ አረቦኑ (ለመድኑ የምትከፍዪው ገንዘብ) ተወደደብኝ በይ።

ስለዚህ መድን ሰጪው ቢሮ ስትገቢ «የጀልባ መድን» ብለሽ በጥቅሉ አትጠይቂ። ለጀልባውና ለሞተሩ፣ ለተሳፋሪዎች፣ ለሦስተኛ ወገን፣ ለነጂው እያልሽ አራቱን ለየብቻ ጠይቂ። አብዛኛው ባለጀልባ የመጀመሪያውን ብቻ ይገዛና መድን አለኝ ብሎ ይተኛል። ሦስተኛ ወገን ስልሽ ደግሞ ሌላ ጀልባ ብቻ አይምሰልሽ። ጣና ላይ ነጋ ጠባ የምትጋጪው ከዓሣ አጥማጆች መረብ ጋር ነው። መረቡ የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው፤ ቆርጠሽው ብታልፊ ባለቤቱ በማግሥቱ ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ ቢጠብቅም እውነት አለው። በደንገል ታንኳ የሚሄደውንም ሰው አስቢው። ፈጥነሽ ስታልፊ የምታስነሺው ማዕበል ብቻ ይገለብጠዋል።

የጀልባው ምዝገባና ምርመራ፣ የነጂው የብቃት ማረጋገጫ ጊዜያቸው ያላለፈ ይሁን። ከ1999 ዓ.ም. የማሪታይም (የውኃ ትራንስፖርት) ዘርፍ አዋጅ ወዲህ የሐይቆቻችን ጀልባዎችም ቁጥጥር አላቸው። አደጋ ሲደርስ ደግሞ መድን ሰጪው ከሁሉ በፊት የሚጠይቅሽ እነዚህኑ ወረቀቶች ነው።

2. ላይፍ ጃኬት። እባክሽ ገበያ ላይ ቀለሙ ብርቱካናማ የሆነውን ሁሉ ላይፍ ጃኬት ነው ብለሽ አትግዢ። ስፌቱን ተርትሬ ያየሁት አንዱ ውስጥ የቴሌቪዥን ማሸጊያ የሚሆን ስስ ስፖንጅ ነበር። በእጅሽ ስትጨምቂው ውኃ የሚጠጣ ከሆነ ሰው አያድንም፤ ያሰምጣል። የሚያነሣው ክብደት ጃኬቱ ላይ በኒውተን ይጻፋል። 50 የሚለው ዋና ለሚችልና ዳር አካባቢ ላለ ሰው ነው፤ ለእንግዳ 100 እና ከዚያ በላይ ያዢ። ቁጥሩንም በጽሑፉ ብቻ አትመኚ። 10 ኪሎ የብረት የሚዛን ድንጋይ እሰሪበትና ውኃ ውስጥ ልቀቂው፤ ባለ 100 ኒውተን ነው የተባለው ጃኬት ይዞት ከሰመጠ ለሻጩ መልሺለት። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድረሽ ጠዋት ድገሚው። የልጆች መጠን ለብቻው ይኑርሽ፣ በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው። ሕፃን የአዋቂ ጃኬት ሲለብስ ጃኬቱ ወደ ላይ፣ ልጁ ወደ ታች ይሄዳል። ጃኬቱ መቀመጫ ሥር ተቆልፎ ሳይሆን እንግዳው ላይ ታስሮ ነው ጀልባው ከወደብ የሚወጣው። የማይለብስ እንግዳ ካለ ገንዘቡን መልሺለትና ይውረድ። እኔ ስንት የተከበረ ሰው አውርጃለሁ፤ የተቆጣኝ እንጂ የጎዳኝ የለም።

3. አሁን ወደ ዋናው ነገር። መድን ሰጪው ጋር መጀመሪያ የምትሞዪው የጥያቄ ቅጽ አለ። ቅጹ ላይ ጀልባው ለምን አገልግሎት እንደሚውል ይጠየቃል። እኔ «ከነጂው ጋር ለቱሪስትና ለመንገደኛ በኪራይ» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ፖሊሲው ታትሞ ሲሰጠኝ ግን የሚለው «ለግል መዝናኛ» ነው። እዚያው መስኮቱ ላይ ቆሜ ጠየቅሁ። ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ምርጫ የለም፤ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ሥራህን እናውቃለን» አለኝ።

ሥራዬን ማወቃቸው ምን ይጠቅመኛል? ሰውዬው ነገ ይዛወራል፤ ፖሊሲው ግን ይቀራል። ቤቴ ገብቼ ግማሽ ገጽ የማትሞላ ደብዳቤ ጻፍኩ። በቅጹ የሞላሁት አገልግሎት ኪራይ ነው፣ ፖሊሲው በስሕተት የግል ይላል፣ ተስተካክሎ ይሰጠኝ። በሁለት ቅጂ ይዤ ሄጄ አንዱን መዝገብ ቤት አስገባሁ፣ በእኔው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመታሁ። የሞላሁትን ቅጽም ገና ሳላስረክበው ፎቶ ኮፒ አድርጌው ነበር። መልስ አልመጣም። አረቦኔን ግን በየጊዜው ያለ ምንም ጥያቄ ይቀበሉ ነበር።

ከዚያ አደጋው ደረሰ። ጀልባዋ ከዘጌ ስትመለስ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ተነሥቷል። መረብ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠመጠመና ሞተሩ ቆመ፤ ማዕበሉ በጎኗ እየመታ ድንጋያማ ዳርቻ ላይ አወጣት። ሁሉም ጃኬት ለብሰው ስለነበር የሞተ ሰው የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የአንዲት እናት ክንድ ተሰበረ፣ ጀልባዋ ከሥሯ ተሰነጠቀች፣ ሞተሩ ከመያዣው ተነቅሎ ውኃ ውስጥ ገባ። በማግሥቱ ጠዋት በጽሑፍ አሳወቅሁ። ይህንን ልብ በይ፦ በንግድ ሕጉ አደጋ መድረሱን ባወቅሽ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማሳወቅ አለብሽ። በስልክ ብቻ ነግረሽ አትቀመጪ።

የመጣልኝ መልስ ሦስት መስመር ነበር። ፖሊሲው ለግል መዝናኛ ነው፣ ጀልባዋ በኪራይ ላይ ነበረች፣ ስለዚህ ካሣ አይከፈልም። ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ቅጂዎቼን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋ በሰው ፊት «አንተ ባለጀልባ ነህ ወይስ ጠበቃ?» ብሎ ጮኸብኝ። ባለጀልባ ነኝ፣ ማንበብም እችላለሁ አልኩት። ፋይላችን ውስጥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የለም አለ፤ የራሳቸውን ማኅተምና የገቢ ቁጥር አሳየሁት። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አንተ የምትጠቅሰው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ተሽሯል።» እህቴ፣ ይህንን ማንም እንዳይነግርሽ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የተካው አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አምስተኛውን መጽሐፍ ነው፤ ስለ ማጓጓዝና ስለ መድን የሚናገረው ሦስተኛው መጽሐፍ በሥራ ላይ እንዳለ ነው። ይህን የነገረኝ የሕግ ተማሪ የሆነው የጎረቤቴ ልጅ ነው። እኔም አዋጁን አሳትሜ ይዤ ነበር የገባሁት። ኃላፊው ገጹን ገለጠና ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ደጅ ጥናት ነው፤ ነገ ና፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ልከነዋል፣ ኮሚቴው አልተሰበሰበም። ክረምቱ በሙሉ በዚህ አለፈ። መድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። ግልባጩ ለብሔራዊ ባንክ እንደሚሄድ ከግርጌው ጽፌ አንድ ደብዳቤ ሳስገባ ነበር ስልኬ የጮኸው። የጀልባዋን ጥገናና የእናቲቱን ሕክምና ከፈሉ። ከሞተሩ ላይ የእርጅና ብለው ብዙ ቀነሱበት፣ ያ ዛሬም ያንገበግበኛል። ቢሆንም ጉዳይ ይዘው ከገቡ ባለጀልባዎች ካሣ ያስከፈለ ሌላ ሰው አላውቅም፤ ያስከፈለኝም ያ የገቢ ማኅተም ነው። መብትሽ የሚጸናው 2 ዓመት ብቻ እንደሆነም አትርሺ። «ነገ ና» የሚሉሽ አንዳንዶቹ ይህንኑ እየቆጠሩ ነው።

ስለዚህ ፖሊሲውን ስትቀበዪ እነዚህን በጣትሽ እየተከተልሽ አንብቢ፦ አገልግሎቱ ኪራይ ይላል ወይ፤ የነጂው ስም ወይም የነጂው መመዘኛ አለ ወይ፤ የተሳፋሪው ቁጥር ጀልባው ከተመዘገበበት ጋር አንድ ነው ወይ። ቦታውንም እዪ። «ጣና ሐይቅ» ብቻ ካለና እንግዳ ጉማሬ ለማየት ዓባይ መውጫ ስትወስጂ አደጋ ቢደርስብሽ፣ ያ ወንዝ ነው እንጂ ሐይቅ አይደለም የሚል ሰው ይገኛል። «ጣና ሐይቅና የዓባይ መውጫ» ተብሎ ይጻፍልሽ። በኋላ ሞተር ብትቀይሪ ወይም መቀመጫ ብትጨምሪም በጽሑፍ አሳውቂ።

ነጂ ሳይኖር ጀልባውን ብቻ ለማከራየት ካሰብሽ ግን ተዪው። ስንት ቢከፍሉሽ ተዪው።

4. የተሳፋሪ መዝገብ። ተራ ባለመስመር ደብተር ነው የምይዘው። ስም፣ ስልክ፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ፣ የተነሡበት ሰዓት፣ የሚሄዱበት ቦታ፣ የነጂው ፊርማ። ደብተሩ ጀልባው ላይ አይሄድም፤ ወደቡ ላይ ከጥበቃው ዘንድ ይቀራል። አብሮ ቢሄድ ጀልባው ሲሰምጥ መረጃውም አብሮ ይሰምጣል፤ ማን እንደጠፋ የሚያውቅ አይኖርም። እናቲቱ ጀልባዋ ላይ እንደነበረች ያስረዳልኝም ይኸው ደብተር ነው፤ መድን ሰጪው «ተሳፋሪ ለመሆኗ ማስረጃ» ብሎ ጠይቆኝ ነበር።

ስለ ነፋሱ አንድ ነገር ልጨምር፤ የአዲስ አበባ ሰው ሐይቅ ሲባል ኩሬ ይመስለዋል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲያገኘው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ጠዋት መስታወት መስሎ የተኛውን አይተሽ ለከሰዓት ጉዞ አትስማሚ። የዘጌ እንግዳ ጠዋት ወጥቶ ነፋሱ ሳይነሣ ይመለስ። ሻጩ የነገረሽ የሞተር ጉልበትም በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው፤ እዚህ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋው ይቀንሳል። «ይጭናል» የተባለውን ሁሉ አትጫኚበት። ወደ ጎርጎራ በኩል የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ እምቦጩ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ መሳቢያ ይደፍናል። ነጂሽ ከሞተሩ ጎን የምትፈስሰውን ቀጭን ውኃ ሁልጊዜ እንዲያይ አስለምጂው፤ ስትቋረጥ ወዲያው ሞተሩን ያጥፋ። የሞተር ማጥፊያዋ ገመድም፣ ነጂው ቢወድቅ ተስባ ሞተሩን የምታጠፋዋ፣ ነጂው እጅ ላይ ታስራ ትሂድ፤ ብዙዎቹ መሪው ላይ ጠምጥመው ይተዋታል።

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለት ዘጌ ወዳለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚሻገረው ሕዝብ ብዛት ያስደነግጥሻል። ያን ቀን «አንድ ሰው ብቻ ጨምሪ፣ እናቴ ናት፣ ስለ ኪዳነ ምሕረት» እያሉ ይለምኑሻል። ከቁጥሩ በላይ አንድም ሰው አትጨምሪ። ከተፈቀደው በላይ የጫነ ጀልባ አደጋ ቢደርስበት ከካሣው አልፎ በወንጀል ትጠየቂያለሽ። ደግሞ እናት ናት የተባለችው እናት ናት።

አረቦኑን ከመክፈልሽ በፊት ረቂቁን እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ሲሰጡሽ ስምሽንና ቁጥርሽን ሸፍነሽ ፎቶውን እዚሁ ቡድን ላይ ለጥፊው፤ መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን። የዚያችን ደብዳቤ ቅጂም እልክልሻለሁ፤ ስምና ቀን ቀይረሽ ተጠቀሚባት።