ሚዛኑ ቆመ፣ ደረጃው ግን ቀለለኝ

ጥያቄ፦ ውድ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? 44 ዓመቴ ነው። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከአምስት ወር በፊት 86 ኪሎ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ፤ ለስላሳ ትቻለሁ፤ የማታ እንጀራዬንም ቀንሻለሁ። አሁን 81 ነኝ። ይኸው ስድስት ሳምንት ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ለሠርግ ያሰፋሁት ቀሚስም አሁንም ዚፑ አይዘጋም። መሥሪያ ቤት ደግሞ "ምነው ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?" ይሉኛል። ደረጃውን ብቻ ሳላርፍ መውጣት ጀምሬያለሁ። ልቀጥል ወይስ ልተወው?
የጀሞዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ሸጎጥ አድርገሽ አለፍሽው። አራት ፎቅ ሳታርፊ! ድሮ ሁለተኛው ላይ ዘንቢልሽን አስቀምጠሽ፣ ስልክ የምታዪ መስለሽ ትንፋሽሽን ትሰበስቢ አልነበር? (አውቃለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ።)

አምስት ኪሎ ካንቺ ክብደት ወደ 6 በመቶ ነው። ደም ግፊትና ስኳር ላይ ለውጡ መታየት የሚጀምረው 5 በመቶ አካባቢ ነው። ጉልበትማ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ወፍራም ሰዎች አይቶ ነበር። አንድ ኪሎ ሲቀነስ በየእርምጃው ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። አምስቱን በአራት አባዢው። ሙሉ ቢጫ ጀሪካን ውሃ አውርደሻል ማለት ነው።

ውፍረት ኑሮን ምን ያህል እንደሚያከብድ የሚለካ ባለ 31 ጥያቄ መጠይቅ አለ። ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ፍቅር ሕይወት፣ ሰው ፊት ስለመውጣት ይጠይቃል። ኪሎሽ ስንት ነው አይልም። አንቺም የራስሽን ጻፊ። ሰግደሽ ስትነሺ መሬት ትደገፊያለሽ? ረዳቱ "ጠጋ በሉ" ሲል ትሳቀቂያለሽ? በየወሩ መልሺው።

ሚዛኑ የቆመው ሰውነት ሲቀል የሚያቃጥለውም ስለሚያንስ ነው። ምግብ ከዚህ በላይ አትቀንሺ፤ ይልቅ እርምጃሽን ጨምሪ። ጎረቤት ቡና ላይ መቅረት ጀምረሽ ከሆነም ተመለሺ። ያለ ስኳር ጠጪ እንጂ አትቅሪ። ከሰው ተነጥሎ ኪሎ የቀነሰ ብዙ አይቻለሁ፤ ብዙም አይዘልቁበትም።

"ከሳሽ" ለሚሉሽ፣ "ጉልበቴን ብዬ ነው" በያቸው። ሳትሞክሪ ብትከሺ ነበር ሐኪም የሚያስፈልግሽ።

ቀሚሱን ሰፊ ጋ ውሰጂውና ጎኑን ያስለቅቅልሽ። ዘንድሮ ልበሺው።