«ደካማ ነኝ» እላለሁ፤ ሰው ሲነግረኝ ግን እቆጣለሁ

ጥያቄ፦ ጾምና ጸሎት አላስታጉልም፤ አገለግላለሁም። ስለ ራሴ «እኔ ደካማ ነኝ» ማለት አይከብደኝም። ሌላ ሰው ጥፋቴን ሲነግረኝ ግን ቀኑን ሙሉ ስብከነከን እውላለሁ። ትሕትና የመንፈሳዊ ሕይወት መሠረት ነው የሚባለው ለምንድን ነው? እንዴትስ ይጀመራል?

መልስ፦ ራስዎን ሲነቅፉ ምን ያህል እንደሚነቀፉ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ሌላው ሲነግርዎ ግን ልኩ ከእጅዎ ይወጣል። ትሕትና የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

መሠረት የተባለበትን ምክንያት ሉቃስ 18 ላይ ያገኙታል። በምሳሌው ፈሪሳዊና ቀራጭ (ግብር ሰብሳቢ) ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ይወጣሉ። ፈሪሳዊው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾም፣ አሥራት ያወጣ ነበር። አልዋሸም፤ የሙሴ ሕግ በግልጽ ያዘዘው ጾም በዓመት አንድ ቀን፣ በማስተስረያው ቀን፣ ስለሆነ እንዲያውም ከታዘዘው በላይ አድርጓል። ጸሎቱ የተበላሸው ምስጋና ጀምሮ ዓይኑን ወደ ቀራጩ ሲያዞር ነው። ሌላው ኃጢአት በጾምና በጸሎት ይዳከማል፤ ውዳሴ ከንቱ (በሰው ለመመስገን መሻት) ግን ጾሙንና ጸሎቱን ራሱን ይመገባል። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው አባ ኤዋግሪስ ስምንቱን ክፉ አሳቦች ሲዘረዝር ውዳሴ ከንቱንና ትዕቢትን መጨረሻ ላይ ያስቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚመጡት ሌሎቹን ድል ነሣሁ ላለ ሰው ነው።

እንግዲህ ከተግሣጹ ይጀምሩ። ሰው ጥፋትዎን ሲነግርዎ «አስብበታለሁ» ብለው ያቁሙ፤ እስከ ማታ ማስረጃ አይደርድሩ። ማታ በጸሎት ጊዜ ከተነገረዎ ውስጥ እውነቱን ይለዩ፤ ግማሹ ብቻ እውነት ከሆነም ለዚያው ግማሽ ይቅርታ ይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው «ግን» ላይ ነው። «አጥፍቻለሁ፤ ግን አንተም...» ካሉ ይቅርታው ወደ ክስ ተለወጠ። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» ብለው ዝም ይበሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ሥራው ያለው ግን እዚያው ላይ ነው።

በንስሐም እንዲሁ «ሁሉን በድያለሁ» ማለት አያሳፍርም፤ ስለዚህም ብዙ አይፈውስም። «እገሌን በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ» ብለው ድርጊቱን ይናገሩ፤ ያስቆጣዎትን ሰው ጥፋት አይጨምሩበት። ማቴዎስ 6 ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን በስውር እንድናደርግ ያዝዛልና፣ በሳምንት አንዲት በጎ ሥራ ማንም ሳያውቃት ይሥሩ። በኋላ በምስክርነት ስም እንዳያወጧት ይጠንቀቁ፤ ይህ ፈተና ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን፤ ግፍን ችሎ ዝም ማለት ሁሉ ትሕትና አይደለም። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል (ዮሐንስ 18፥23)። ከምድር ሰው ሁሉ ይልቅ ትሑት የተባለው ሙሴም በፈርዖን ፊት ቆሞ ተናግሯል። የሚደበድብዎ ወይም የሚበድልዎ ሰው ቢኖር ለሚረዳዎ ሰው መናገር ትዕቢት አይደለም። የተሰጠዎን አገልግሎት «እኔ አልችልም» እያሉ መሸሽም ብዙ ጊዜ ስምን ከውድቀት መጠበቂያ ነው።

ንዴቱ ቶሎ አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ የነበረው ወደ አንድ ሰዓት ካጠረ መንገዱን ይዘዋል፤ እያደር ከባሰ ግን ለብቻዎ አይታገሉት፣ ለመንፈሳዊ አባትዎ ይንገሩ።