ስለ ማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ታላቋ ልጄ ከጥቂት ዓመታት በፊት ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ተከትባለች። ለታናሿ ግን አንድ ጊዜ ይበቃል ተባልኩ። ክትባቱ ስላጠረ ነው?

መልስ፦ እጥረትስ ነበረ፤ ይሁን እንጂ የጎዳው ቀደም ያሉትን ልጆች ነው። ክትባቱ በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር የዓለም አቅርቦት አነስተኛ ስለነበረ የ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ እንዲከተቡ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ በኬንያ ከ15 እስከ 20 ዓመት በሆናቸው ወጣት ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ አንድ ጊዜ መከተብ ብቻውን በ18 ወራት ክትትል ውስጥ፣ ከ10 የማህፀን በር ካንሰሮች ለሰባቱ ያህል መንስኤ የሆኑትን 16 እና 18 ቁጥር የኤች ፒ ቪ (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ዝርያዎች ከ97 በመቶ በላይ እንደተከላከለ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከ9 እስከ 20 ዓመት ላሉት አንድ ጊዜ መከተብን በአማራጭነት ተቀበለ፤ ኢትዮጵያም ወደዚሁ አሠራር ተሸጋግራለች። ታናሽቱ የቀረባት ነገር የለም።

ጥያቄ፦ የልጄ አያት «መካን ያደርጋታል» ብለው አላስከትብም አሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ክትባቱ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለውም፤ የያዘው የቫይረሱን ውጫዊ ሽፋን የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ስለሆነ ማህፀንንም ሆነ ዕንቁላልን የሚነካበት መንገድ የለም። ለሴት ልጅ ብቻ የሚሰጥ መሆኑ ሥጋት ቢያሳድርባቸው አይፈረድባቸውም። መውለድን በእርግጥ የሚነጥቀው ግን ካንሰሩ ነው፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ማህፀንን ማውጣት ወይም የጨረር ሕክምና ነውና። ለእማማ ይህን ቢያስረዷቸው ከክርክር ይሻላል።

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉኝ። እኔስ ልከተብ?

መልስ፦ ክትባቱ አስቀድሞ የገባን ቫይረስ አያስወግድም፤ ከ9 ዓመት ጀምሮ የሚሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለእርስዎ የሚበጀው የቅድመ ካንሰር ምርመራ ነው፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በጤና ጣቢያ ይመረመራሉ። በአንደኛው ዘዴ የማህፀን በር በውሃ በቀጠነ አሴቲክ አሲድ (በኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ) ይቀባና ነጭ ሆኖ የሚታይ ቦታ ካለ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። ከግንኙነት በኋላ የሚደማዎት ከሆነ ግን የምርመራ ቀን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ አለ። አንዱ ይበቃታል?

መልስ፦ አይበቃትም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለም ሦስት ጊዜ እንድትከተብ ነው። ይህን በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ መናገር ስለማይገባት፣ መድኃኒቷን በምትወስድበት ክፍል ላለው ባለሙያ አስቀድመው ያማክሩ።