ስንተኛ ወጣ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። ሰኔ 30 ካርዱን ይዞ መጣ፤ ከ54 ተማሪ 21ኛ። አባቱ አየት አድርጎ ወረወረው። ልጁ ከዚያ ወዲህ ፊቱ አልፈታም። ምን ልበለው? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ካርዱን ከወደቀበት አንሺው። እኔ መንዝ ውስጥ 31 ዓመት ካርድ ሞልቻለሁ። ደረጃ የምንጽፈው መጨረሻ ላይ ነው፣ ድምሩን ደርድረን። ጎረቤቱ ሁለት ነጥብ ቢጨምር ያንቺው ይወርዳል፤ እሱ ግን ምንም አላጎደለም። ይልቅ አንደኛውንና ሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ጎን ለጎን አስተያዪ። ሒሳብ ከ48 ወደ 61 ከወጣ ልጁ ሠርቷል። አባቱን ጥሪና በጣትሽ አሳዪው። ጠባይ የሚለውንም መስመር አንብቡ (ማንም አያየውም እንጂ እኛ አስበን ነበር የምንጽፈው)።

ደግሞ የመዝጊያው ቀን እንዴት ነበር ብለሽ ጠይቂው። እኛ ጋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የርእሰ መምህሩ ንግግር አይሰማም ነበር። ልጆቹ የሚያወሩት ግጥም ስላነበበው ልጅና «ሰኔ ሠላሳ እንገናኝ» ተባብለው በር ላይ ስለተጠባበቁት ነው። ተደባድቦም ከሆነ ይነግርሻል።

ክረምቱን ሙሉ አስጠኚ አትቅጠሪበት። የደከመበትን አንድ ትምህርት ብቻ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል። ከዚያ ይጫወት።